«ተበላሽቷል» ከማለታችን በፊት

 

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒታቸውን በራሳቸው ፈቃድ ስለሚያቋርጡ አባቶችና እናቶች ነበር ያወጋነው። ዛሬ ወደ አንዲት መጫወቻ ልወስዳችሁ ነው። «ሲስተር በስተርጅና ምን ነካት?» እንዳትሉኝ፤ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ከሁለት ወር በፊት የዘጠኝ ዓመቱን የልጅ ልጄን አልጋ ሥር ስጠርግ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር መጥረጊያዬን ያዘው። ፈትቼ ሳየው አጎቱ ለገና ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞለት የመጣው፣ በሪሞት የምትበር ትንሽ ሄሊኮፕተር ነች። መጫወቻ መሰበሩ በቤታችን አዲስ ነገር አይደለም። የከነከነኝ ሌላ ነው። ቀደም ባለው ቅዳሜ አጎቱ ደውሎ «ሄሊኮፕተሯስ፣ ትበራለች?» ሲለው ልጁ «አዎ፣ በጣም ነው የምትበረው» ብሎ ሲመልስለት እዚያው አጠገቡ ሆኜ ሰምቼው ነበር።

ጠራሁት። ፌስታሉን እጄ ላይ ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። «እኔ አልሰበርኳትም እማማ፤ ዝም ብላ እየዞረች ነው የምትወድቀው» አለኝ። ትንሽ ቆየና ደግሞ «እጄ የነካው ሁሉ ይበላሻል» አለ። ይህቺን ንግግር ከየት እንዳመጣት አውቃለሁ። ከእኛው ነው። ብርጭቆ በሰበረ ቁጥር፣ ቻርጀር በተቀነጠሰ ቁጥር፣ እየሳቅን የምንላት ናት። እኛ ስቀን ረሳናት፤ እሱ ግን ይዟታል።

ማታ አባቱ ሲገባ አየና «እማማ፣ ይተዉት። እንዲህ ያለ ዕቃ አንዴ ከተበላሸ ተበላሸ ነው፤ ሌላ እንገዛለታለን» አለኝ። ልጁ በር ላይ ቆሞ ይሰማል።

እኔ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ነው ከነርስነት ሥራ ጡረታ የወጣሁት። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ባለሙያ በበሽተኛ ካርድ ላይ «ተበላሽቷል» ብሎ ሲጽፍ አላየሁም። ምኑ? ከመቼ ጀምሮ? በምን ምክንያት? ይባላል እንጂ። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ለልጁ ነገርኩትና ሄሊኮፕተሯን ከፌስታሉ አውጥተን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አጋደምናት። እሱ ካቻቢቴ ይዞ፣ እኔ መነጽሬንና ወረንጦዬን ይዤ፣ ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ብዙዎቻችሁ ቤት ይህችን የመሰለች አንድ ዕቃ ቁም ሳጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር ስለምትኖር፣ ያገኘነውን በተራ ላካፍላችሁ።

አካሏን ማወቅ

በየመጫወቻ መደብሩ የሚሸጡት እነዚህ የጀማሪ ሄሊኮፕተሮች ኮአክሲያል ይባላሉ። አንዱ ከሌላው በላይ ሆኖ የሚሽከረከር ሁለት ጥንድ ክንፍ አላቸው። የላዩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር የታቹ ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ክንፍ ወደ ቀኝ ሲሽከረከር አካሉ ደግሞ ወደ ግራ መዞር ይፈልጋል። በተለመደው ትልቁ ሄሊኮፕተር ላይ ይህንን የምትከላከለው ጅራቱ ላይ በጎን የተተከለችው ማራገቢያ ናት። በእኛዋ ግን ሁለቱ ጥንድ ክንፎች እንደ ሚዛን ሁለት ጎን እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ። የሩሲያዎቹ ካሞቭ የሚባሉት ትልልቅ ሄሊኮፕተሮችም የሚበሩት በዚሁ ዘዴ ነው።

ሆዷ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች አሉ። አንዱ የላዩን፣ ሌላው የታቹን ክንፍ በባለ ጥርስ ጎማ ያዞራሉ። የላዩ ክንፍ ዘንግ ቀጭን ሆኖ በታቹ ክንፍ ክፍት ዘንግ ውስጥ ያልፋል። የጤና ባለሙያ የሆናችሁ ካኑላን አስቡ፤ መርፌዋ በፕላስቲክ ቱቦዋ ውስጥ እንደምታልፈው ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ጫፍና ጫፏ ከበድ ያለ አንዲት አግድም ዘንግ አለች፤ አካሏ እንዳይንገዳገድ የምትጠብቀው እሷ ናት። በእኛዋ ዓይነት ጅራቷ ላይ ያለችው ትንሽ ማራገቢያ ደግሞ ወደ ላይ የዞረች ስትሆን፣ ሥራዋ ጅራቷን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጋ ወደፊትና ወደኋላ ማስኬድ ነው።

ይህንን ካወቃችሁ ግማሹን ምርመራ ጨረሳችሁ። ሄሊኮፕተሯ ባለችበት የምትሾር ከሆነ፣ ከሁለቱ ጥንድ አንዱ ከሌላው ደክሟል ማለት ነው።

ታሪኩን መጠየቅ

ሰው ሲታመም መጀመሪያ የምናደርገው መርፌ መውጋት አይደለም፤ መጠየቅ ነው። በወጣትነቴ ቤቴ ውስጥ ዕቃ ሲሰበር የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ማነው የሰበረው?» ነበር። በሥራ ላይ የተማርኩትን ቤቴ ለማስገባት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ልጁን «ማን?» አላልኩትም። «መቼ ጀመራት? ከዚያ በፊት ምን ሆና ነበር? ከዚያስ ምን አደረግክ?» አልኩት።

ሲነግረኝ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሳሎን ውስጥ በደንብ በርራለች። በኋላ እኅቱ ሹሩባ እየተሠራች ባለችበት ምንጣፍ ላይ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ከመሬት ገና ስትነሳ እንደ እንዝርት ትሾራለች። እሱም ሊያስተካክላት ሪሞቷ ላይ ያለችውን፣ ትሪም የምትባለውን ማስተካከያ እስከ ጥግ አዞራት። አልሆን ሲለው ከካርቶኑ መለዋወጫ ክንፎች አውጥቶ ቀየረ። ብሎኖቹንም አጠበቀ። ይህንን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ።

ወላጆች ሆይ፣ ይህ የልጅ ጥፋት አይደለም። አዋቂውም እንዲሁ ነው። ከጎረቤት ያገኘውን ክኒን፣ የፋርማሲውን ሽሮፕና የቤቱን ዳማከሴ በአንድ ቀን ወስዶ የሚመጣ በሽተኛ ስንቱን አይቻለሁ። የትኛው ጠቀመው? የትኛው ጎዳው? አይታወቅም። ስለዚህ ደንብ አወጣን፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንለውጣለን፣ እንሞክራለን፣ ውጤቱን እንጽፋለን። ከአሮጌ ደብተር ላይ ካርድ አወጣንላት። ቀን፣ ሕመም፣ የተደረገ፣ ውጤት። ጸሐፊው እሱ ሆነ።

ከቀላሉ መጀመር

አንደኛ፣ የሪሞቷ ባትሪ። ሪሞቷ መብራት ስለሰጠች ብቻ ባትሪዋ ደህና ነው አይባልም። የደከመ ባትሪ መብራቷን ያበራል፤ ትእዛዙን ግን አቆራርጦ ነው የሚያደርሰው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ በአዲስና በአንድ ዓይነት ባትሪ ቀይሩ።

ሁለተኛ፣ የራሷ የሄሊኮፕተሯ ባትሪ። እንዲህ ያለችው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ቻርጅ ተደርጋ የምትበረው ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ነው። ልጆች ይህንን ስለማያውቁ ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ስትደክም «ተበላሸች» ይላሉ። በእኛ ቤት ደግሞ ቻርጅ ላይ እያለች መብራት ይሄድና ሲመለስ ማንም አያስተውልም። ሰዓቱን ጻፉ።

ሦስተኛ፣ አነሳሷ። የከፍታ ማንሻዋ ወደ ታች እስከ መጨረሻው ካልወረደ ብዙዎቹ አይነሱም፤ ይህም ለደኅንነት ሲባል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ስታበሯት ደግሞ ጠፍጣፋ ወለል ላይ አስቀምጧትና ጥቂት ሰከንድ ማንም አይንካት። ሆዷ ውስጥ ያለችው ጋይሮ የምትባል መሣሪያ «ቀጥ ማለት ይህ ነው» ብላ የምትይዘው በዚያች ቅጽበት ነው። ልጅ በእጁ ይዞ እያወዛወዘ ካበራት፣ የተሳሳተ ልክ ይዛ ትነሳለች።

አራተኛ፣ አንዳንዶቹ የሚታዘዙት በሬዲዮ ሞገድ ሳይሆን እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት በማይታይ ብርሃን ነው። እነዚህ በመስኮት ፀሐይ በሚገባበት ክፍል ትእዛዝ ይጠፋባቸዋል፤ መጋረጃ ይዝጉላቸው። ሪሞቱ ብርሃን መላኩን ለማወቅ የስልካችሁን የፊት ካሜራ ከፍታችሁ የሪሞቱን አፍንጫ አሳዩትና ማንሻውን ግፉ። በዓይን የማይታየው ብርሃን ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ወይም ነጣ ያለ ሆኖ ብልጭ ብልጭ ይላል። የቴሌቪዥናችሁንም ሪሞት በዚሁ መመርመር ትችላላችሁ።

የእኛዋ አራቱንም አለፈች። በሬዲዮ የምትታዘዝ ናት፤ ባትሪዋ ሞላ፣ ሪሞቷ ደህና ነው፣ አነሳሷም ትክክል ነው። ግን አሁንም ትሾራለች።

እንደ እንዝርት የምትሾር ከሆነ

ባትሪዋን ነቅለን ሁለቱን ጥንድ ክንፎች በጣታችን ቀስ ብለን አዞርናቸው። የላዩ እንደ ቅቤ ይሄዳል። የታቹ ያዝ ያደርጋል። አጉሊ መነጽር አመጣሁና ልጁ እንዲያይ ሰጠሁት። «እማማ፣ ጸጉር!» አለ። ለሹሩባ የሚቀጠለው ጸጉር ከምንጣፉ ክር ጋር ሆኖ ሁለቱ ዘንጎች በሚገናኙበት ቦታ ልክ እንደ ፋሻ ተጠምጥሟል። የሄሊኮፕተሯ ሕመም ይኸው ነበር። ጸጉሩ አንዱን ክንፍ ሲያዝለው ሌላው አካሏን ይዞ ይሾራል።

በትንሽ መቀስ ጫፉን ቆርጠን፣ በወረንጦ እየጎተትን፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ሠራን። አትጎትቱ፤ ቆርጣችሁ አውጡ። በኃይል ከተጎተተ ቀጭኑ ዘንግ ይጣመማል። የጅራቷንም ማራገቢያ እዩ፤ ጸጉር እዚያም ይወዳል።

አወጣንና አበራናት። አሁንም ሾረች! ግን በተቃራኒው አቅጣጫ። ልጁ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ካርዷን እንዲያነብ አደረግሁት። «ትሪም እስከ ጥግ ዞሯል» ይላል። ሕመሙ ከሄደ በኋላ የቀድሞውን መድኃኒት ዛሬም እየሰጠናት ነበር። ትሪሟን ወደ መሐል መለስን። ሽክርክሪቷ ወደ ጥቂት ዝንባሌ ወረደ።

ትሪም እንዲህ ነው የሚስተካከለው። ከወለሉ አንድ ሜትር ያህል አንሷት። አፍንጫዋ ወደ ቀኝ ከሄደ ትሪሟን ወደ ግራ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ግፉ። ጠብቁ። እንደገና ትንሽ። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ልኳ መለወጡ ስለማይቀር በየበረራው መነካካት ያስፈልጋል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ትሪም የሚያስተካክለው ግን ትንሽ ዝንባሌን ብቻ ነው። ጥግ ደርሶ ካልበቃ ሌላ ነገር አለ ማለት ነውና ወደ ምርመራ ተመለሱ። ጸጉር ከሌለ የባለ ጥርስ ጎማዎቹን ጥርስ እዩ፤ አንዷ ጥርስ ተበልታ ከሆነ ጎማው መቀየር አለበት። ሞተሩና ጎማው እጅግ ከተጠጋጉ ይታነቃሉ፣ ከተራራቁ ይንሸራተታሉ። ቀጭን ወረቀት በመካከላቸው ያለ መቀደድ ካለፈና የጥርስ ምልክት ካወጣ ልኩ ነው። ይህም ደህና ከሆነ አንዱ ሞተር አርጅቶ ይሆናል፤ ለብዙዎቹ መለዋወጫ ይገኛል።

የምትንቀጠቀጥ ከሆነ

ከሾራ ከተፈወሰች በኋላ መንቀጥቀጥ ያዛት። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ካርዷ ላይም በስሜ ተጽፏል። ክንፎቿን የያዙት ብሎኖች የላሉ መስለውኝ እንደ ፋሻ አጥብቄ አሰርኳቸው። ለካስ ክንፍ እንዲያ አይታሰርም። ክንፎቹ ሲሽከረከሩ ራሳቸው ቀጥ ብለው ቦታቸውን የሚይዙት ነፃነት ሲኖራቸው ነው። በጣት ጫፍ ሲገፉ ያለ ትግል የሚንቀሳቀሱ፣ ግን ወደ ላይና ወደ ታች የማይንገጫገጩ መሆን አለባቸው። ብሎኑን ጥቂት ብናላላው መንቀጥቀጡ ቀነሰ።

የቀረውን ለማግኘት ሁለት ሜትር ያህል ርቀን፣ ክንፎቿ ሲሽከረከሩ በጎን ተመለከትን። የአንድ ጥንድ ሁለት ክንፎች ጫፍ አንድ መስመር ሆኖ መታየት አለበት። ሁለት መስመር ከታየ አንዱ ክንፍ ተጣሟል። የታቹ ሁለት መስመር ሆኖ ታየን። ስናቆማት ከክንፎቹ አንዱ ጫፉ ተገምጧል።

ክንፍ ስትቀይሩ ሁለት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፣ ጥንዱን በሙሉ ቀይሩ፤ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ክብደታቸው አይመጣጠንም። ሁለተኛ፣ የላዩና የታቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ዝንባሌያቸው ተቃራኒ ስለሆነ ቦታ ከተለዋወጡ አየሩን ወደ ታች መግፋት ሲገባቸው ወደ ላይ ይገፉታል። በአብዛኛው ሥራቸው ላይ ኤ እና ቢ የሚል ፊደል ስላለ ቀድማችሁ በስልክ ፎቶ አንሱ። የተሰነጠቀ ክንፍ ደግሞ በፕላስተር አይለጠፍ። በፍጥነት እየዞረ ሲበጠስ ፊት ላይ ነው የሚመጣው፤ በዓይን ጉዳት ቀልድ የለም።

አልነሳ ስትል፦ የአዲስ አበባ አየር

አሁን ቀጥ ብላ ቆመች፤ ግን ከወገቤ በላይ አልወጣ አለች። ልጁም «አጎቴ እዚያ ሲሞክራት ጣራ ነክታ ነበር ብሎኛል። እኔ ነኝ ያደከምኳት» አለ።

ይህ ግን የሱ ጥፋት አይደለም፤ የከፍታ ጉዳይ ነው። አጎቱ የሚኖረው ዋሽንግተን አካባቢ፣ ከባሕር ወለል ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ አየሩ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲተያይ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ከውጭ የሚመጡ እንግዶቻችን ደረጃ ሲወጡ የሚያለከልኩት ለዚህ ነው። ክንፍ ደግሞ የሚነሳው አየርን ወደ ታች በመግፋት ነውና፣ የሚገፋው ሲያንስ የሚነሳውም ያንሳል። ያቺው ሄሊኮፕተር ድሬዳዋ ብትወሰድ ከዚህ ይልቅ ትበረታለች።

ስለዚህ በደጋ ከተማ ያለን ሰዎች ባትሪዋን ሞልተን፣ ክብደቷን ቀንሰን መጠቀም አለብን። ሚዛን ላይ ብትቀመጥ ከአንድ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ብዙም አትበልጥም፤ ልጁ የለጠፈባት ስድስት ተለጣፊ ሥዕልና በክር ያንጠለጠለባት የፕላስቲክ ሰው ለሷ ትልቅ ሸክም ነው። ሰውየው ወረደ። እሷ ወጣች።

ስለ ስስ አየር ካነሳን አይቀር ለልጆቻችሁ ይህን ንገሯቸው። ናሳ ኢንጀኒዩቲ የምትባል ሄሊኮፕተር ወደ ማርስ ልኳል። የማርስ አየር ክብደቱ ከእኛው መቶኛ አንድ ያህል ብቻ ነው። እሷም እንደ እኛዋ በላይና በታች የሚሽከረከሩ ሁለት ጥንድ ክንፎች ነበሯት፤ ከጫፍ ጫፍ 1.2 ሜትር የሚሆኑ። ክብደቷ 1.8 ኪሎ ነበር። ከመጀመሪያው በረራ በፊት ክንፎቿን በፍጥነት የማዞር ሙከራው መሐል ላይ ተቋረጠና በረራው አንድ ሳምንት ያህል ተራዘመ። መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ፈልገው አስተካከሉና ሚያዝያ 11 ቀን 2013 ዓ.ም. ተነሳች። ለአምስት በረራ የታሰበችው 72 ጊዜ በረረች። ያበቃላትም በጥር 2016 ዓ.ም. ስታርፍ ክንፏ ተጎድቶ ነው።

ልጁ ይህን ሲሰማ የጠየቀኝ ስለ ማርስ አይደለም። «ናሳም ይበላሽበታል ማለት ነው?» አለኝ። «ይበላሽበታል እንጂ። ግን አልጋ ሥር አይደብቀውም» አልኩት። ሳቀ።

ማብረሩን ማስተማር

ብዙው ብልሽት የሚመጣው ከአበራረር ነው። ለጀማሪ የሚከተሉት ይበቃሉ።

በቤት ውስጥ ብቻ ይብረር፤ ለዚህች ትንሽ ነገር የግቢ ነፋስ ማዕበል ነው። ከወለሉ አንድ ስንዝር ላይ አታቆዩአት። እዚያ የራሷ ነፋስ ከወለሉ ተመልሶ ያንገዳግዳታል። ማንሻዋን ሳትፈሩ ግን ሳትቸኩሉ ወደ አንድ ሜትር አውጧት። መጀመሪያ አንድ ቦታ ላይ ማቆም ብቻ ይለማመድ፤ ጅራቷ ወደ ልጁ፣ አፍንጫዋ ወደ ፊት ሆኖ። ፊቷ ወደሱ ሲዞር ግራና ቀኙ ይገለበጥበታልና ይህ ለኋላ ይቆይ።

ከሁሉ በላይ ይህችን አስተምሩት፦ ልትወድቅ ስትል ወይም ግድግዳ ስትነካ ማንሻውን ወዲያው ወደ ታች። ልጆች ሊያድኗት ብለው ማንሻውን ይጨምራሉ፤ ክንፉ መጋረጃ ይዞ እያለ ሞተሩ ሲታገል ነው ጥርሱ የሚበላውና ሞተሩ የሚቃጠለው። ዝም ብላ ብትወድቅ ግን ቀላል ስለሆነች ብዙ ጊዜ ምንም አትሆንም።

የእኛዋ ወደ ኋላ ወደ ኋላ መሸሽ ትወድ ነበር። መፍትሔውን ያገኘው ልጁ ነው። አፍንጫዋ ቢከብድ ወደ ፊት ትሄዳለች ብሎ ከጧፍ ላይ ሰም ቆንጥሮ፣ የምስር ፍሬ ያህል፣ አፍንጫዋ ሥር ለጠፈ። አልበቃም። ጥቂት ጨመረ። የሽምብራ ፍሬ ስታህል ባለችበት ቆመች። ካርዷ ላይ የጻፈው «ሰም። አንድ ሽምብራ። ዳነች» ይላል።

ስለ ባትሪዋ በነርስነቴ

ይህንን ሳልል ብቀር ሙያዬ ይወቅሰኛል። ውስጧ ያለው ሊቲየም ባትሪ ነው። ቻርጅ ሲደረግ አዋቂ ነቅቶ ባለበት ይሁን፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ ፍራሽ ወይም ሶፋ ላይ አይሁን። ሸክላ ወይም ሲሚንቶ ላይ አድርጉት። ከበረራ በኋላ እስኪበርድ አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። አብሯት በመጣው ቻርጀር ብቻ ተጠቀሙ። ባትሪው ካበጠ አይወጋ፣ አይጫን፣ እንደገና ቻርጅ አይደረግ፤ አሸዋ ባለበት ጣሳ አድርጋችሁ ከቤት ውጭ አኑሩት። ቆሻሻ ከሚቃጠልበት እሳት ውስጥም አይጣል።

ቤታችሁ የሚድህ ሕፃን ካለ ደግሞ በየመጫወቻውና በየሪሞቱ ያሉትን የሳንቲም ቅርጽ ያላቸውን ትንንሽ ባትሪዎች ቆጥራችሁ ያዙ። ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀሩ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላሉ። ሕፃኑ መዋጡን ከተጠራጠራችሁ ለማስታወክ አትሞክሩ፤ «በሰገራ ይወጣል» ብላችሁም አትጠብቁ። በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው።

ቅዳሜ

በሦስተኛው ቅዳሜ አጎቱ ደወለ። ልጁ ስልኩን ከእጄ ወሰደና «አጎቴ፣ ያን ጊዜ ትበራለች ያልኩህ ውሸቴን ነው። ጸጉር ገብቶባት ነበር፤ አውጥተነዋል። አሁን የእውነት ትበራለች» አለው። ከዚያም ካርዷን ከላይ እስከ ታች አነበበለት፤ የእኔን የብሎን ጥፋት ጭምር።

በወዲያኛው በኩል ልጄ ትንሽ ዝም አለ። ቀጥሎ ስልኩን ለእኔ እንዲሰጠው ጠየቀ። «እማዬ» አለኝ፣ «ያ ሳሎን የነበረው ትልቁ ሬዲዮ... እኔ ነኝ ፈትቼው መልሼ መግጠም ያቃተኝ።»

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚያን ቀን «ማነው?» ብዬ ስጮህ ልጆቹ ሁሉ ዝም አሉ። እኔም ጥፋቱን አብራን ለምትኖረው፣ ከገጠር ለመጣችው ልጅ ሰጠኋት። አልነካሁም ብላ አለቀሰች። አላመንኳትም። በዓመቱ ወደ አገሯ ተመለሰች፤ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ያኔ «ማነው?» በማለት ፈንታ «ምን ሆነ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ሬዲዮው ይሠራ ነበር ይሆናል። እሷ ግን በርግጥ አታለቅስም ነበር።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ በዚህ ሳምንት አልጋ ሥር ጥረጉ። የሆነ ነገር ካገኛችሁ ባለቤቱን ጥሩትና ካቻቢቴውን አቀብሉት። ሳምንት በጤና ያገናኘን።